«እንደነሱ ያለ ሌላ ማን አለ?» ከአንድ ተወዳጅ ሙዚቀኛ ወደ ሌላው የሚወስዱ መንገዶች

ኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ የሚባሉትን ሁለት የኖርዌይ ሙዚቀኞች የወደደ ሰው ትልቁ ችግሩ ሥራቸው ቶሎ ማለቁ ነው። ኤርለንድ ኦየ እና አይሪክ ግላምቤክ ቦ ዋና ዋና አልበሞቻቸውን ያወጡት በ2001፣ በ2004፣ በ2009 እና በ2021 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በመጨረሻዎቹ ሁለት አልበሞች መካከል ብቻ 12 ዓመት አለ። ሁለት ጊታር፣ ሁለት ተቀራራቢ ድምፅ፣ ጆሮ ሥር እንደሚወራ ወሬ ዝግ ያለ ዜማ፤ ይህን የለመደ ሰው 12 ዓመት አይጾምም። «እንደነሱ ያለ ሌላ ማን አለ?» ማለቱ አይቀርም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሚያስቸግረው «እንደነሱ» የሚለው ቃል ነው። ድምፁ የሚመስል ማለት ነው? ስሜቱ የሚመስል? ወይስ የእነሱ አድማጮች የሚሰሙት ሌላ ሙዚቀኛ? ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሙዚቃ መተግበሪያዎች በአብዛኛው የሚመልሱት ሦስተኛውን ነው፤ አድማጩ የጠየቀው ደግሞ የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን። «ይሄ ደግሞ ምኑ ይመስላል?» የሚያሰኘው ይህ ነው።

መተግበሪያው «መሰል» የሚለው ምኑን ነው?

1,000 የኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ አድማጮች አሉ እንበል (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተፈጠሩ ናቸው)። ከእነዚህ 500ው ዓለም ያወቀውን አንድ ትልቅ ባንድም ይሰማሉ፤ 60ዎቹ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ጊታር ተጫዋች። በጥሬው ከተቆጠረ ትልቁ ባንድ አሸነፈ። ነገር ግን ያንን ባንድ ከየትም ከተሰበሰበ 1,000 ሰው 450ው ይሰማዋል፤ ጊታር ተጫዋቹን የሚያውቁት ግን 2 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የባንዱ ዝምድና 500 ለ450 ነው፤ ኢምንት ነው። የጊታር ተጫዋቹ 60 ለ2 ነው፤ 30 እጥፍ። እውነተኛው ዝምድና ያለው እዚህ ላይ ነው።

መተግበሪያዎቹ ይህን ማካፈል ያውቁበታል። ሆኖም አድማጩ በጣም ጥቂት የሆነ ሙዚቀኛ ላይ ሲደርሱ ስሌቱ ይዋዥቃል። በጠቅላላው 10 ሰው የሚሰማውን አንድ ጀማሪ ከእኛዎቹ 3ቱ በአጋጣሚ ቢሰሙት ዝምድናው ሰማይ ይነካል። እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ለማጥራት ከተወሰነ የአድማጭ ቁጥር በታች ያለው ብዙውን ጊዜ ከስሌቱ ይወጣል። ያልታወቀ ሙዚቀኛ ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢመስል ዝርዝሩ ውስጥ የማይገባው፣ ዝርዝሩም የምናውቃቸውን ስሞች የሚደጋግመው ለዚህ ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት ድምፁን ራሱን የሚመረምሩ ስልቶች አሉ። ስፖቲፋይ በ2014 ኤኮ ኔስት የተባለውን ድርጅት ሲገዛ የዘፈኑን ፍጥነት፣ የድምፁን ኃይል፣ ምን ያህል አኩስቲክ (በኤሌክትሪክ መሣሪያ ያልተሠራ) እንደሆነ የሚለካ ቴክኖሎጂም አብሮ አግኝቷል። ፓንዶራ የተባለው የሙዚቃ አገልግሎት ደግሞ በ2000 በተጀመረ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች እያንዳንዱን ዘፈን በጆሯቸው እየሰሙ እስከ 450 በሚደርሱ መለያዎች እንዲመዘግቡት ያደርጋል። ፓንዶራ የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ላለ አንባቢ ግን ጥሩ ሁለተኛ ምስክር ይሆነዋል፤ የሚያየው የሰሚውን ብዛት ሳይሆን የዘፈኑን አሠራር ነውና። ማሽኑ የማይለካው ነገርም አለ። ለእንቅልፍ ተብሎ የተሠራ የጊታር ሙዚቃና አንጀት የሚበላ ዘፈን በፍጥነትም በድምፅ ኃይልም አንድ ሊሆኑ ይችላሉ።

መጀመሪያ የሚወዱትን ነገር ስም ያውጡለት

ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት በጣም የሚወዷቸውን 3 ዘፈኖች ብቻ ይምረጡ። 30 ከመረጡ ሁሉንም ነገር ወደዱ ማለት ነው፤ ምንም አይለይም። ሦስቱን እየሰሙ አምስት ነገር ይጻፉ። ስንት ድምፅ አለ፣ አዘፋፈኑስ ሹክሹክታ ነው ወይስ ክፍት? ጊታሩ ናይለን ክር ነው ወይስ ብረት፣ በክራር ቋንቋ ብንለው ድርድር ነው ወይስ ግርፍ? ከበሮ አለ ወይ? ሌላ ምን መሣሪያ ይገባል? ግጥሙ ስለ ማን ይናገራል፣ ለማን?

ከዚያ አንድ በአንድ ይሰርዙ። «ሁለተኛው ድምፅ ባይኖር እወደው ነበር?» መልሱ አዎ ከሆነ ይሰረዝ። ሳይሰረዙ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች የፍለጋው ቁልፍ ናቸው። በዚሁ በኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ እንኳ የሚቀረው ነገር ከሰው ሰው ይለያል፤ መንገዱም አብሮ ይለያል።

የቀረው የሁለቱ ድምፅ መግጠም ከሆነ ወደ ኋላ ሳይመንና ጋርፈንከል የሚባሉት ሁለት አሜሪካውያን፣ ወደ ዛሬ ደግሞ ፈርስት ኤይድ ኪት የሚባሉት የስዊድን እህትማማቾች አሉ። ሃያሲዎች የኖርዌዮቹን ስም ከሳይመንና ጋርፈንከል ጋር ማንሳት የጀመሩት ገና ከመጀመሪያው አልበም ነው።

የቀረው ከበሮ ሳይኖር የሚወዛወዘው ጊታር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ምንጩ ብራዚል ነው። የ2009ኙ አልበማቸው ላይ ከበሮ የለም፤ ምቱን የሚይዘው የጊታሪስቱ አውራ ጣት ነው። ይህን አጨዋወት ለዓለም ያስተማረው ጆአዎ ዢልቤርቶ ነው። ብዙ ሰው እሱን የሚያውቀው ሳክስፎን በሞላባቸው ታዋቂ ዘፈኖች ስለሆነ «የመዝናኛ ሙዚቃ» ብሎ ያልፈዋል። በስሙ የሰየመውን የ1973 አልበም ይሞክሩ፦ አንድ ድምፅ፣ አንድ ጊታር፣ በጣም ቀላል ምት፤ ሌላ የለም ማለት ይቻላል። ዘፈኑ ከጊታሩ ትንሽ እየቀደመ ወይም እየዘገየ ይሄዳል፤ ውጥረቱን የሚፈጥረው ያ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሆሴ ጎንሳሌስን ያምጡ፤ ከአርጀንቲና ወላጆች በስዊድን ተወልዶ ጎተንበርግ ያደገ ነው። የ2003 የመጀመሪያ አልበሙ ከናይለን ጊታርና ከድምፁ በቀር እምብዛም ነገር የለበትም።

የቀረው ግጥሙና ብቸኝነቱ ከሆነ እንግሊዛዊው ኒክ ድሬክና አሜሪካዊው ኤሊየት ስሚዝ ናቸው። ስሚዝ የራሱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ቀርጾ አንዱን በአንዱ ላይ ስለሚደርብ፣ አንድ ሰው ሆኖ እንደ ሁለት ሰው ይሰማል። የ1997 አልበሙ ለመግቢያ ይበቃል።

ከዘፋኙ ይልቅ አብረውት የሠሩትን መከተል

መሰል ሙዚቃ ለማግኘት ከየትኛውም መተግበሪያ የሚበልጠው የአልበሙ ጀርባ ላይ ያለው የስም ዝርዝር ነው። በ2004ቱ የኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ አልበም የምታጅባቸው ሴት ካናዳዊቷ ፋይስት ናት፤ በዚያው ዓመት የራሷን አልበም አውጥታለች። በ2021ዱም ተመልሳ መጥታ አብራቸው ዘፍናለች። ይህ ክር አጭርና አስተማማኝ ነው።

ረጅሙን ክር ለማየት ኒክ ድሬክን እንውሰድ። በ1948 ተወልዶ በ1974 በ26 ዓመቱ የሞተው ይህ እንግሊዛዊ በሕይወት ሳለ ያወጣው 3 አልበም ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፕሮዲውስ ያደረገው ጆ ቦይድ ነው፤ የሦስቱም ቀረጻ መሐንዲስ ጆን ውድ ነው፤ ክር መሣሪያዎቹን በአብዛኛው ያቀናበረው ደግሞ የካምብሪጅ ጓደኛው ሮበርት ከርቢ ነው። የመጨረሻው አልበም በ1971 በሁለት ሌሊት በድምፅና በጊታር ብቻ ተቀረጸ፤ አንድ ዘፈን ላይ ትንሽ ፒያኖ ተጨመረበት፤ አለቀ።

አሁን ስሞቹን ይከተሉ። ቦይድና ከርቢ ሁለቱም በ1970 በወጣው የቫሽቲ በንያን አልበም ላይ አሉ። አልበሙ ያን ጊዜ ሰሚ አጥቶ ዘፋኟም ሙዚቃውን ትታው ነበር፤ በ2000 እንደገና ሲታተም አዲስ ትውልድ አገኘው፤ እሷም በ2005 ሁለተኛ አልበሟን አወጣች። ይህን አልበም ለድሬክ ወዳጅ መስጠት ማለት ያው ክፍል ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ሌላ ክር፦ በድሬክ የመጀመሪያ አልበም ላይ ኮንትራባስ የሚጫወተው ዳኒ ቶምሰን ፔንታንግል የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ አባል ነበር፤ በ1973 ከዘፋኙና ጊታሪስቱ ጆን ማርቲን ጋር በሠራው አልበም ላይ ደግሞ ርዕስ የሆነው ዘፈን የተጻፈው ስለ ራሱ ስለ ኒክ ድሬክ ነው። ሦስተኛው ክር ከሁሉ ያስደንቃል። እናቱ ሞሊ ድሬክ በ1950ዎቹ ቤቷ ፒያኖ እየተጫወተች ስትዘፍን የተቀረጹት ዘፈኖች በ2013 ለሕዝብ ቀርበዋል። የልጁ ሐዘን ከየት እንደመጣ እዚያ ይሰማል።

ሁሉም ስም እኩል አይመራም። አቀናባሪና አጃቢ ተጫዋች ከሁሉ ይሻላሉ፤ ጣታቸው በሄዱበት ይታወቃልና። የቀረጻ መሐንዲስ ሁለተኛ ነው። ፕሮዲውሰር ግን ያሳስታል፤ እንጀራው ስለሆነ ከሁሉም ዓይነት ሙዚቀኛ ጋር ይሠራል። የኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስን የ2001 አልበም አብሮ ፕሮዲውስ ያደረገው ኬን ኔልሰን ስታዲየም የሚሞላውን የኮልድፕሌይ ባንድ የመጀመሪያ አልበምም ሠርቷል፤ ያን ክር የተከተለ ሰው ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ራሱን ስታዲየም ውስጥ ያገኘዋል። አሳታሚው ትልቅ ድርጅት ከሆነ ስሙ ምንም አይነግርም፤ በዓመት ጥቂት አልበም ብቻ የሚያወጣ ትንሽ አሳታሚ ከሆነ ግን የባለቤቱ ምርጫ ስለሆነ ሙሉውን ዝርዝር ማየት ያዋጣል።

ስሞቹን የት ማየት ይቻላል? ስፖቲፋይ ላይ በዘፈኑ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲነኩ ይመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጎደሎ ናቸው። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው ዲስኮግስ የተባለ ድረ ገጽ ከሸክላና ከሲዲ ሽፋን የተገለበጠውን ሙሉ ዝርዝር ይዟል። የሚሞሉት ተጠቃሚዎች ስለሆኑ ስህተት አይጠፋም፤ የሽፋኑ ፎቶ ከተለጠፈ እሱን ያመሳክሩ።

ከተማን መከተልም አንድ መንገድ ነው፤ ግን ወጥመድ አለበት። የኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ ከተማ በርገን እነ ዘፋኙ ሶንድሬ ሌርከንም አፍርታለች፤ ይህ ጥሩ ነው። እነ ሮይክሶፕም የትሮምሶ ልጆች ቢሆኑም ስማቸው ከዚያው ከተማ ጋር ይነሳል፤ እነሱ ግን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰዎች ናቸው፤ ኤርለንድ ኦየም ከእነሱ ጋር ዘፍኗል። በዚያ ላይ ኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ በ2001 የሪሚክስ አልበም አላቸው፤ ኦየ ደግሞ በርሊን ላይ ዘ ዋይተስት ቦይ አላይቭ የሚባል ለጭፈራ የሚሆን ባንድ ነበረው። መተግበሪያው ይህን ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ ሊያየው ይችላል። ዝግ ያለ ጊታር ጠይቀው የዳንስ ቤት ሙዚቃ ከመጣልዎ ጥፋቱ ከዚህ ነው።

መተግበሪያውን ማስተማር

አዲስ ፕሌይሊስት ይክፈቱ፤ ከ8 እስከ 12 ዘፈን ያስገቡ፤ ከአንድ ሙዚቀኛ ከ2 በላይ አይሁን። ዓለም ያወቃቸውን ስሞች ሆን ብለው ይተዉ። አንድ ኮልድፕሌይ ከገባ ጥቆማውን በሙሉ ወደ ራሱ ይጎትታል። ስፖቲፋይ ከፕሌይሊስቱ ሥር የሚያቀርባቸውን ጥቆማዎች እየሰሙ ጥሩውን ይጨምሩ፤ ዝርዝሩን ያድሱ፤ እንደገና ይስሙ። ሦስት አራት ዙር በኋላ ጥቆማው መደጋገም ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች አውጥተው በአዲስ ባገኟቸው ይተኩ። አለዚያ በአንድ ቦታ መዞር ነው።

ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን «ተደመጠ» ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲያልፍ ነው። ዝግ ብሎ የሚጀምር ዘፈን በ15ኛው ሰከንድ ከታለፈ ለዓይነቱ በሙሉ መጥፎ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቢያንስ 40 ሰከንድ ይስጡ። ከሁሉ የከፋው ግን ስልኩን ለቤተሰብ ማዋስ ነው። ልጆች አንድ ሳምንት የራሳቸውን ዘፈን ከሰሙበት ጥቆማው ሁሉ ይበላሻል። ስልኩን ከማዋስዎ በፊት የግል ማዳመጫ (Private session) የሚለውን ማብራት ወይም የልጆቹን ፕሌይሊስት ከጣዕም መለኪያው ማስወጣት ይቻላል። ዩቱብ ላይ ደግሞ የታየውን ታሪክ ለጊዜው ያቁሙት፤ ወይም የማይፈልጉትን አንድ በአንድ ይሰርዙ።

ላስት ኤፍኤም ከ2002 ጀምሮ የሰዎችን አድማጭነት ሲመዘግብ የኖረ ነው። የመሰል ሙዚቀኞች ገጹን ለማየት አካውንት አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን 10 ስሞች ይዝለሉ፤ ያውቋቸዋል። ጥሩው ነገር ያለው ወደ ታች ነው።

ባንድካምፕ ግን ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ከሁሉ ይበልጣል። ሙዚቀኛው ራሱ ሥራውን የሚሸጥበት ቦታ ስለሆነ ጥቂት አድማጭ ያለውም ይገኛል። በእያንዳንዱ አልበም ገጽ ላይ የገዙት ሰዎች ትንንሽ ምስል ይታያል። አንዱን ሲነኩ የዚያ ሰው ሙሉ ስብስብ ይከፈታል። ከስብስቡ ውስጥ እርስዎ የሚወዷቸው 3 አልበሞች ካሉ ሰውየው ጣዕም ይጋራዎታል ማለት ነው፤ የቀረውን ይፈትሹ። ማሽኑ በሺዎች ላይ የሚሠራውን ስሌት በአንድ ሰው ላይ መሥራት ነው፤ ግን ያ ሰው ገንዘቡን አውጥቶበታል።

ሲሰሙ የሚያታልሉ ነገሮች

ዳታ ለመቆጠብ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል። ስፖቲፋይ ላይ ዝቅተኛው 24 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፤ አንድ የ4 ደቂቃ ዘፈን 0.7 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ቀጥሎ ያለው መደበኛው 96 ኪሎቢት ነው፤ ያው ዘፈን 2.9 ሜጋባይት ገደማ። ለጩኸታም ሙዚቃ ልዩነቱ ይታገሱታል። እዚህ ግን የዘፈኑ ነፍስ ትንፋሹና ጣት ክር ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ድምፅ ነው፤ በ24 ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ስለዚህ በ96 ይስሙ። 15 ዘፈን መሞከር 45 ሜጋባይት አይሞላም። በስልክ ስፒከር ሳይሆን በማዳመጫ ይሁን።

ሌላው የድምፅ ከፍታ ነው። ሁለት ዘፈን ሲወዳደሩ ጮክ ያለው ለጆሮ «የተሻለ» ይመስላል። መተግበሪያው ከፍታን የሚያስተካክል ምርጫ ካለው ያብሩት። ዩቱብ የጮኸውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ዝግ ያለውን ከፍ አያደርግም፤ እዚያ በእጅ ማስተካከል ነው።

አዲስ ሙዚቀኛን በአንድ ዘፈን አይፍረዱበት፤ በተለይ በጣም በተደመጠው። የሆሴ ጎንሳሌስ ዝነኛ ዘፈን የራሱ አይደለም፤ ዘ ናይፍ የሚባሉ የአገሩ ልጆች ዘፈን ነው፤ በ2005 በአንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ገነነ። በጣም የተደመጠውን አንድ፣ የአልበሙን መክፈቻ፣ ከመሃል ደግሞ 5ኛውን ወይም 6ኛውን መስማት ይበቃል። መሃል ላይ ያለው ነው ሙዚቀኛውን የሚናገረው።

«ዝግ ያለ ጊታር» ወይም «ለማንበብ የሚሆን» በሚሉ ረጃጅም ፕሌይሊስቶች ውስጥ ማንም የማያውቃቸው ስሞች ይበዛሉ፤ አንዳንዶቹ ሰው ሳይሆኑ በብዛት የተመረቱ ናቸው። ፎቶም ታሪክም የለውም፣ መድረክ ላይ ቆሞ አያውቅም፣ ሁሉም ዘፈን 2 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በየሳምንቱ አዲስ ይወጣል፣ ደራሲው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከእነዚህ ሦስቱ ከተገናኙ ይለፉት።

ማሽኑ የማያሻግረው ድልድይ

ከኪንግስ ኦቭ ኮንቪኒየንስ ተነስቶ የትኛውም መተግበሪያ ወደ አስናቀች ወርቁ አይወስድም። አንድ ድምፅና ክራር፣ ለራሷ የምታንጎራጉር የሚመስል ዘፈን፤ በአሠራር ከዚህ በላይ ምን ይመሳሰላል? ሁለቱን አብረው የሚሰሙ ሰዎች እምብዛም ስለሌሉ ግን በስሌቱ ዜሮ ያህል ናቸው። ይህን ድልድይ መሥራት የሰው ድርሻ ነው። ፍለጋው ላይ የሚያስቸግረው የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል አሥር ዓይነት መጻፉ ነው። አቋራጩ ኢትዮፒክስ (Éthiopiques) በሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ቁጥር መፈለግ ነው፦ 16ኛው የአስናቀች፣ 29ኛው የካሳ ተሰማ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን በፒያኖ ብቻ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በ2024 የወጣውን አልበም ይስማ። ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ቤታቸው በቴፕ የቀረጹት ነው፤ በአማርኛ ይዘፍናሉ፤ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ። አዲስ አበባ ተወልዳ ሳን ፍራንሲስኮ የምትሠራው ምክሊት ሐደሮ በእንግሊዝኛ ለሚሰማው በሁለቱ ዓለም መካከል ናት።

እነዚህን ግን ከኖርዌዮቹ ጋር በአንድ ፕሌይሊስት አያስገቡ። ክራሩ ሲገባ ጥቆማው በቋንቋና በአገር ይሰበሰብና የሰባዎቹን የአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች ከነትንፋሽ መሣሪያቸው ያመጣል። ሁለት ፕሌይሊስት ይክፈቱ፤ የሚያገናኘው ጆሮዎ ይሁን።